ለሁለት ሰው የተያዘች ጀልባ

ካስቶሪያ፣ ሴፕቴምበር 11

ለተከበሩ ካፒቴን ሲዴሪስ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ጀልባዎም፣ ሁለቱ ሞተሮችዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ስንሰነባበት እጄን ይዘው «ጉዞውን ወደዱት?» ብለው የጠየቁኝን እዚያው ወደቡ ላይ ልመልስልዎ አልቻልኩም። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ አባ ኔክታሪዮስም የድንች ከረጢታቸውን እግሬ ላይ አሳርፈውት ነበር። አሁን ቤቴ ገብቻለሁ፤ እግሬም ድኗል። ስለዚህ እመልሳለሁ።

አልወደድኩትም።

ባሕሩን ማለቴ አይደለም። ቲጋናኪያ ላይ ያለውን ውሃ እንዴት እንዳደረጋችሁት አላውቅም፤ ስዋኝ የእግሬን ጥፍር ቀለም ከላይ ሆኜ አየሁት። አስፕሮኒሲያ ደሴቶች ዘንድ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍተው ዝም ያሉት ዝምታም የሚያስመሰግን ነበር። ቅሬታዬ በቁጥር ላይ ነው። ጀልባዋን የያዝነው ለሁለት ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ ለብቻችን ነበር። ጠዋት ከደሴታችሁ ከሊፕሲ ስንነሳ ሁለት ነበርን። ማራቲ ላይ ለነገው የማርያም በዓል ድንችና ሁለት ወንበር የያዙት አባ ኔክታሪዮስ ገቡ። አርኪ ላይ ሁለት የመብራት ሠራተኞች ከነመሰላላቸው ገቡ። ቀጥሎ ክንዳቸው በፋሻ የተጠቀለለ አሮጊት፣ እማማ ካሊዮ፣ ገቡ። ስንመለስ እርስዎን ጨምሮ ሰባት ነበርን፤ እኔ ግማሹን መንገድ የመጣሁት መሰላል ታቅፌ ነው።

ገንዘብ እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም። ምን እንዳበላሹብኝ ግን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ለማያውቁት ሰው መጻፍ ደግሞ ይቀላል።

ባለቤቴ ፔሪክሊስ ደግ ሰው ነው። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ ከባድ ወሬ ሲመጣ ከክፍሉ ይወጣል። አይቆጣም፣ አይጮህም፤ ብቻ አንድ ሥራ ትዝ ይለዋል። የእናቱን ሞት የነገርኩት በመታጠቢያ ቤት በር ሥር ነው፤ እሱ ውስጥ ሆኖ ቧንቧ ይጠግን ነበር፤ ቧንቧው ደህና ነበር። ከጁላይ ጀምሮ በቦርሳዬ ውስጥ የሐኪም ወረቀት አለ። በግራ ጡቴ ውስጥ ሽምብራ የምታክል ነገር አለች፤ ስሟ ጥሩ አይደለም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ቃል አልፈራም፤ ለዚህ ሰው ግን እንዴት እንደምነግረው ጠፍቶኝ ከረምኩ። በመጨረሻ ጀልባ ትዝ አለኝ። ጀልባ በር የለውም።

ስድስት ሳምንት የተለማመድኩትን ንግግር ቲጋናኪያ ላይ ከውሃ ወጥቼ ልጀምር ስል አባ ኔክታሪዮስ ዳቦ ይቆርሱልኝ ጀመር።

መልስ ከጻፉ በማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በኩል ይላኩልኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ እዚያ አገለግላለሁ። ቤት ደብዳቤ የሚከፍተው ፔሪክሊስ ነው።

አክባሪዎ፣
ፎቲኒ


ሊፕሲ፣ ሴፕቴምበር 17

ወይዘሮ ፎቲኒ፣

እንዴት ሰነበቱ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። እንዴት እንደሰነበቱማ ጽፈውልኛል። ደብዳቤዎን አንዴ ቆሜ፣ ሁለቴ ተቀምጬ አነበብኩት። ይቅርታ። ይቅርታውን መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ወደ ታች ምክንያት ስለማበዛ እንዳይጠፋብዎ ነው።

እኛ ጋ ሰው ዕቃውን ይዞ ወደብ ላይ ከቆመ ጀልባ ያለው ያቆማል። ሕግ አይደለም፤ ሕግ ቢሆን ኖሮ እንጥሰው ነበር። ሰኞ መርከብ የለም፤ ያ ቀን ሰኞ ነበር። ስምንት ወንበር ባላት ጀልባ ስድስቱን ባዶ ይዤ፣ ሰው እያየኝ፣ በፍጥነት ካለፍኩ በሚቀጥለው ዓመት አርኪ ላይ ገመዴን የሚቀበለኝ አላገኝም። አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ አንድን ሰው እንዳላየ ሆኖ አልፎታል። ሰውየው በኋላ የወደብ ፖሊስ አዛዥ ሆነ። ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አባቴ ፈቃድ ማሳደስ የሚጀምረው ከፋሲካ በፊት ነበር፤ የሚያልቅለት ለገና ነው።

ደግሞ «ለብቻችሁ» ስልዎ እየዋሸሁ አልነበረም። የማናውቀው ሰው ከሌለ እኛ ለብቻችን ነን እንላለን። አባ ኔክታሪዮስን አውቃቸዋለሁ። ካሊዮንም አውቃታለሁ፤ ክርስትና ያነሳችኝ እሷ ናት። የመብራት ሠራተኞቹን አላውቃቸውም፤ እነሱን በተመለከተ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።

በፖስታው ጀርባ በእርሳስ ስለጠየቁኝ ነገር። አዎ፣ ባለቤትዎ ሲመለሱ ከኋላ ወንበር ከካሊዮ ጋር ተቀምጠው ነበር። ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። የካሊዮ ክንድ ላይ ሰባት ስፌት ነበር፤ የበር ብርጭቆ ነው የቆረጣት፣ ወደ ሊፕሲ የምትሄደውም ክሩን ልታስወጣ ነበር። ባለቤትዎ ፋሻውን ገለጥ አድርገው አዩና ሐኪሙን በጣም ወቀሱት፤ ካፖርት ሲሰፉ በኖሩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ስፌት ለውሻ ልብስ እንኳ አላሳለፍኩም አሉ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን የሞተሩ ድምፅ ሸፈነው።

አሁን የምለው ይህ ነው። ባሕራችን እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ጸጥ ያለ ነው። ቀን ይምረጡ። ከወደብ ርቄ አስጀምራችኋለሁ፤ ሰው በማይቆምበት ድንጋይ በድንጋይ እሄዳለሁ፤ ጳጳሱ እጃቸውን ቢያውለበልቡልኝም አላቆምም። እኔም ከፊት ሆኜ ጀርባዬን እሰጣችኋለሁ።

ሲዴሪስ


ካስቶሪያ፣ ሴፕቴምበር 23

ካፒቴን ሲዴሪስ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ስለ ይቅርታው አመሰግናለሁ፤ የተቀመጠበትም ቦታ ትክክል ነው። ተማሪዎቼ ይቅርታን ሁልጊዜ በመጨረሻ፣ ደወል ሲደወል ነበር የሚሉት።

ቀን ይምረጡ ላሉኝ፣ ሐኪሞቹ መርጠውልኛል፤ ቀዶ ጥገናው ኦክቶበር 20፣ ማክሰኞ፣ ተሰሎንቄ ነው። ከዚያ በፊት ወደ ደሴታችሁ መመለስ አልችልም። ከዚህ ሊፕሲ ሁለት ቀን ነው፤ ሁለት ቀን ሄጄ ሁለት ቀን ከተመለስኩ ፔሪክሊስ የሆነ ነገር እንዳለ ይገባዋል። እንዲገባውማ እፈልጋለሁ፤ ግን እኔ ስነግረው እንጂ የመርከብ ሰሌዳ አይቶ እንዲገባው አይደለም።

እዚሁ መሬት ላይ ሞከርኩ። ወጥ ቤት ውስጥ «ፔሪክሊስ፣ እስቲ ቁጭ በል» አልኩት፤ ተቀመጠ፤ ወዲያው ማሞቂያው የሚያንኳኳ መሰለው። ሐይቁ ዳር ወንበር ላይ ሞከርኩ፤ ዳክዬዎቹ ዳቦ ፈለጉ፣ ዳቦ ሊያመጣ ሄደ። መኪና ውስጥ ልሞክር ብዬ መሪው እሱ እጅ ላይ እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ቅዳሴው መሃል ላይ፣ በሹክሹክታ ጀመርኩ። ጥሩ ሄደ። «ጁላይ ላይ ሐኪም ዘንድ» ብዬ እንደጨረስኩ ሻማ ሊያበራ ተነሳ። አራት አበራ።

ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከጉዞው ወዲህ ሰውየው ተለውጧል። በአርባ አንድ ዓመት ትዳራችን እንቁላል ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ባለፈው ሳምንት ግን የቦሎቄ ሾርባ ሠራ። መጥፎ ነበር፤ በላነው። በማግሥቱ ደግሞ ሠራው፤ ተሻሻለ። የልብስ ማጠቢያውን ቁልፎች እየጠየቀ ወረቀት ላይ ይጽፋል። የእህቴን ስልክ ቁጥር በትልልቁ ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈ፤ ከእህቴ ጋር እኮ ከሠርጋችን ጀምሮ ተነጋግረው አያውቁም። እርጅና ነው አልኩ። ሌላ ሴት ናት እንዳልል ሌላ ሴት ያለችው ሰው ሾርባ አይለማመድም፤ ትሠራለታለች።

እና አንድ የማይዋጥልኝ ነገር፤ ሞተሩ ሸፈነው አሉኝ። አርኪና ሊፕሲ መካከል፣ አስፕሮኒሲያ ዘንድ፣ ሞተሩን አጥፍተው ነበር። ያመሰገንኩት ዝምታ ያ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። ከፊት ተቀምጬ መሰላል ስለያዝኩ አልሰማሁም እንጂ ጆሮ ላለው ሰው ብዙ የሚሰማበት ሩብ ሰዓት ነው።

ፎቲኒ


ሊፕሲ፣ ሴፕቴምበር 30

ወይዘሮ ፎቲኒ፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሁሉ ደህና ነው። ነፋሱ ከሰሜን ነው፣ ከባድ አይደለም። ከትናንት በስቲያ አንድ ጀርመናዊና ሚስቱን ይዤ ማክሮኒሲ ሄድኩ፤ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ መንገድ ላይ ማንም አልቆመም። ቀኑን ሙሉ ሳይነጋገሩ ዋሉ፤ ሲወርዱ በጣም ደስ ብሎናል አሉ። ጀልባዋን በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ወደ የብስ አወጣታለሁ፤ ሆዷ መፋቅ አለበት። የካሊዮ ክንድ ድኗል። አባ ኔክታሪዮስ ሰላም ይሉዎታል፤ ስለ እግርዎ ጠይቀዋል።

ወረቀቱ ሊያልቅ ነው፤ እስካሁን የጠየቁኝን አልመለስኩም። ሌላ ወረቀት አወጣሁ።

ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ሰምቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁት ቃል ስለሰጠሁ ነው። ባለቤትዎ ሊፕሲ ላይ ሲወርዱ አንድ በአንድ ጨበጡን፤ «እባካችሁ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔም ጨበጥኳቸው። ቄሱም ጨበጡ። የመብራት ሠራተኞቹም ጨበጡ፤ ትንሹ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንግዲህ የሆነው ይህ ነው፤ በዚያች ጀልባ ላይ የነበርነው ሁሉ አንድ ነገር እናውቃለን፤ የማያውቁት ጀልባዋን የተከራዩት ሴት ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ጉዞ ሸጬ አላውቅም።

አባ ኔክታሪዮስ ዘንድ ሄጄ፣ ስም ሳልጠራ፣ አንድ ሰው ቃል ቢሰጥና ቢጨንቀው ምን ያድርግ ብዬ ጠየቅኳቸው። «የካስቶሪያዋ ሴትዮ ጻፈችልህ እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ብዙ አሰቡ። የሰማኸውን ላለመናገር ነው ቃል የሰጠኸው፤ ስላየኸው የተባለ ነገር የለም አሉ። ሳቁብኝ መሰለኝ፤ ግን ቄስ ናቸው፣ ተቀበልኩ።

ያየሁት ይህ ነው። ቲጋናኪያ ላይ እርስዎ ሲዋኙ ባለቤትዎ መነጽርዎን ከወንበሩ አነሱ፤ እንዳይረገጥ ቦርሳዎ ውስጥ ሊያስቀምጡት ከፈቱ። ከቦርሳው አንድ የታጠፈ ወረቀት ወጣ ብሎ ነበር፤ የሆስፒታል ማኅተም አለበት። ከመሪው ሆኜ እኔ እንኳ ማኅተሙን አየሁት። ባለቤትዎ አላነበቡትም። በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ውስጥ መለሱት፣ መነጽሩን አጠገቡ አስቀመጡ፣ ዘጉት። ከዚያ ጫማዎን አንሥተው፣ እስኪወጡ ድረስ ይዘውት ቆሙ።

አላገባሁም፤ ግን የሚስቱን ቦርሳ ከፍቶ የሆስፒታል ወረቀት ያየ ባል ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅተኝም። ያነበዋል። የማያነበው አስቀድሞ ካነበበው ብቻ ነው።

ከዚህ በላይ አልችልም። ይቅርታ፤ በዚህ ደብዳቤ ሁለተኛዬ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

ሲዴሪስ


ካስቶሪያ፣ ኦክቶበር 6

ካፒቴን ሲዴሪስ፣

እንደፈሩት ተናድጃለሁ፤ ግን በእርስዎ አይደለም፤ ስለዚህ ስለዚያ ማሰብዎን ይተዉ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ የእርሻ መጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ ነው፤ እዚያ ሰው አይመጣም። ከጨረስኩ በኋላ ስለ ፖም ዛፍ ቆረጣ አንድ ምዕራፍ አነበብኩ። አሁን ስለ ፖም ብዙ አውቃለሁ።

በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የሚያበሳጨኝ መልሱን እያወቀ እጁን የማያነሣ ተማሪ ነበር። ከኋላ ይቀመጣል፣ በመስኮት ያያል፤ ሳትወጂ ትቀጪዋለሽ፤ ፈተና ሲመጣ ሙሉ ያገኛል። አንዱን እንዳገባሁ አላወቅሁም ነበር።

አሁን ሁሉም ነገር ሌላ መልክ ያዘ። ሾርባው እኔ ሆስፒታል ስተኛ ነው። የልብስ ማጠቢያው ስመለስ ነው። የእህቴ ስልክ ለምን እንደሆነ ማሰብ አልፈልግም። ትናንት ማታ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ሳህኑን እያየሁ «ጨው ጎድሎታል» አልኩ፤ «አይቼዋለሁ» አለ። ሁለታችን ስለ ጨው አልነበረም የምናወራው፤ ሁለታችንም ስለ ጨው ብቻ አወራን። ከዚያ ማሞቂያውን ሊያይ ሄደ።

የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። ታምሜያለሁ ብዬ ብነግረው ይሄዳል። አውቀሃል ብለው ይበልጥ ይሄዳል። ሳልነግረው ተሰሎንቄ ብሄድ ደግሞ ከኋላዬ እንደሚመጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ተደብቆ እንደሚቆም አሁን ገባኝ፤ እኔ ውስጥ፣ እሱ ውጭ፣ ሁለታችን ለየብቻችን። ይህን አልፈልግም ካፒቴን። ቢላዋውን ከመፍራት ይልቅ ይህን እፈራለሁ።

አያውቅም ብዬ ስጨነቅ ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ተለማምጄው ነበር። ያወቀ ሰው ለምን እንደዘጋብኝ ሳላውቅ ግን አንድ ቃል ማውጣት አልችልም። በዚያ ሩብ ሰዓት ምን እንዳለ ማወቅ አለብኝ። ቃልዎን አፍርሱ አልልዎትም፤ አንዴ ያፈረሰ ሰው ለእኔም አይሆነኝም። እማማ ካሊዮ ግን ተጨብጠው ነበር? አንድ ክንዳቸው በፋሻ ነበር፤ ሌላው እጃቸው ደግሞ፣ በደንብ አስታውሳለሁ፣ የአባ ኔክታሪዮስን ወንበር ይዞ ነበር።

ፎቲኒ


ሊፕሲ፣ ኦክቶበር 11

ወይዘሮ ፎቲኒ፣

አልተጨበጠችም። ጠየቅኳት፤ «በምን እጄ?» አለችኝ።

ዛሬ አርኪ ድረስ ሄጄ ቤቷ ተቀምጫለሁ። ካሊዮ መጻፍ አትችልም፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የምትለውን ሁሉ ነው የምጽፈው፤ ካስተካከልኩት የኔ ቃል ይሆንና አፍራሽ እሆናለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

ልጄ ፎቲኒ፣ እኔ ካሊዮ ነኝ። መሰላል ያስታቀፉሽ ቀን ከኋላሽ የነበርኩት። መጀመሪያ ይቅርታ በይኝ፣ ቦታሽን ወስጄ ነበር። ክርስትና ልጄ ደግሞ ለብቻቸው ነው የያዙት አላለኝም፤ ቢለኝም እገባ ነበር፤ ክንዴን አሞኝ ነበር። ጻፍ፣ ምን ታየኛለህ፤ እሱንም ጻፍ።

ባልሽ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ክንድዎን ያሳዩኝ አለ። ወንድ ክንድሽን አሳዪኝ ካለኝ ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ አሳየሁት። ጆንያ ነው እንዴ የሰፉት አለ። እየሳቅን ነበር። ሲዴሪስ ሞተሩን አጠፋው፣ ጸጥ አለ፤ ባልሽ ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲሰፋ ያማል?» አለኝ። ለራሱ እንዳልጠየቀ ገባኝ። ማን ነው የታመመው አልኩት። አንቺ ከፊት ተቀምጠሽ ነበር፤ ፀጉርሽ ከውሃው ገና አልደረቀም። ወዳንቺ አየ።

ሐኪም ቤቱ ቀጠሮሽን ሊያስታውስ ደውሎ ኖሮ እሱ ነው ያነሳው። የክፍሉን ስም ሲነግሩት ገባው። «ተሳስታችኋል፣ በእጅ ስልኳ ደውሉላት» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወረቀቱን አነበበው፤ አንዴ፣ ጁላይ ላይ፣ አንቺ ገበያ ሄደሽ።

ለምን አትነግራትም አልኩት። ያለኝን ቃል በቃል ነው የምነግርሽ፣ አልጨመርኩም፦ «ማወቄን ካወቀች ያንኑ ቀን ስለ እኔ መጨነቅ ትጀምራለች። ፔሪክሊስ በላ ወይ። ፔሪክሊስ ክኒኑን ዋጠ ወይ። ፔሪክሊስ ይህን ይችለዋል ወይ። አርባ አንድ ዓመት ስለ እኔ ስትጨነቅ ኖራለች እማማ። አሁን እንኳ ስለ ራሷ ብቻ ትጨነቅ። ሦስት ወር ታርፍ።»

እኔም አንተ ጅል ነህ አልኩት። ጅል ስል አባ ኔክታሪዮስ ዞር አሉ፤ እሳቸውን ያልኩ መስሏቸው።

ምኑን ነው ያረፈችው አልኩት። እኔ ለሰባት ስፌት ወደ ሐኪም ስሄድ ቄስ፣ ካፒቴን፣ ሁለት መብራት ሠራተኛና ሁለት የካስቶሪያ ሰው ይዤ ሄድኩ፤ ይኸው አልፈራሁም። እሷን ብቻዋን ትሰዳታለህ እንዴ? ዓይኑ ቀላ። ክፉ ሰው አይደለም ልጄ። ፈሪ ነው፤ ፍርሃቱንም ስጦታ አስመስሎ ጠቅልሎታል።

ምክር ከፈለግሽ፣ ባትፈልጊም፤ ወሬውን አትንገሪው። ወሬ ሲነግሩት ነው የሚሄደው። ቀንና ሰዓት ንገሪው። በስንት ሰዓት እንደምትነሡ፣ ምን እንደሚይዝ። ሥራ ስጪው። እንደዚህ ያለ ሰው ለወሬ አይቀመጥም እንጂ ለሥራ ይቀመጣል። በቃ፤ አበቃሁ። ዓሣ ጥጄ ነበር፤ ይቃጠልብኛል።

ከዚህ በኋላ እኔ ሲዴሪስ ነኝ። ዓሣው አልተቃጠለም። የምጨምረው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፤ ሞተሩን ያጠፋሁት ውሃውን እንድታዩ ነበር። ለዚያ ይቅርታ አልጠይቅም።

ሲዴሪስ


ተሰሎንቄ፣ ኦክቶበር 23

ካፒቴን ሲዴሪስ፣ እማማ ካሊዮ፣

በአንድ ወረቀት ስለጻፍኩላችሁ ይቅርታ። ቀኝ እጄ ደህና ነው፤ ግን ስጽፍ ግራው አብሮ መንቀሳቀስ ይፈልጋል፤ እንዳይንቀሳቀስ ታዟል።

ለምትጠይቁኝ፣ አዎ፣ አልፏል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር ጫማውን ያያል። የወጣችው ነገር ወደ ምርመራ ሄዳለች፤ መልሱ በወሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ እንዳለም አትንገሩኝ፤ ከእንግዲህ ከእናንተ ደሴት የሚመጣ ወሬ እጠራጠራለሁ።

ደብዳቤያችሁ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ፤ ፔሪክሊስ በሩን ከፈተለት። ፖስታውን አየ፤ የሊፕሲን ማኅተም አየ፤ ሰጠኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አነበብኩት። እሱ በረንዳ ላይ ነበር።

ስመጣ ጋዜጣ ይዞ ነበር። ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተሰሎንቄ መድረስ አለብኝ። ሰኞ ከሰዓት እንነሳለን። ትንሿ ሻንጣ ትበቃናለች፤ አንተ ታወርዳታለህ።»

ተነሣ። በቃ ሄደ አልኩ። ተነሥቶ ጋዜጣውን አጣጠፈና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሻንጣዋን ሐሙስ አውርጃታለሁ» አለ። «አልጋው ሥር ናት።»

ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ነበረኝ፤ አንዱ ዐረፍተ ነገር እንኳ አላስፈለገም። እና ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? ከሦስት ወር ዝምታ በኋላ፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ አፌን ከፍቼ፦ «የደም ግፊት ክኒንህን ይዘሃል? ተሰሎንቄ የት ልታድር ነው? ያ ወገብህ እንኳን ለሆስፒታል ወንበር ለሶፋም አይሆን» አልኩ።

ፔሪክሊስ አየኝ።

«ይኸው፣ ጀመርሽ» አለ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። እኔ አላለቀስኩም፤ ክኒኑን ፍለጋ ሄድኩ። በቤታችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥቼ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ፍርሃት ሲካፈሉት ይቀንሳል የሚሉትን ሰዎች ማግኘት እፈልጋለሁ። አይቀንስም። የኔው እንዳለ ነው፤ የሱ ተጨመረበት። አሁን ቤታችን ውስጥ ሁለት ፍርሃት አለ፤ የተለየ ሰዓት ላይ ይነቃሉ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ያስነሣዋል። ግን እማማ ካሊዮ ትክክል ነበሩ። ማክሰኞ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዱኝ ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ ይሄድ ነበር፤ ከፈጣን ጀልባ ይልቅ ቀስ ብሎ። የመጨረሻው በር ላይ ነርሷ እዚህ ይቁሙ አለችው። ቆመ። ሦስት ሰዓት ተኩል እዚያው ነበር፤ ሰዎች ወንበር ሰጥተውት እንቢ ብሏል አሉኝ።

በወሩ መጨረሻ መልሱን ለመስማት አብረን እንሄዳለን። ሰዓቱን ጠይቆኝ መዳፉ ላይ በብዕር ጻፈው፤ ታጥቦ ሲለቅ እንደገና ይጽፈዋል። ሐኪሙ ጫማውን እያየ የሚለውን ሁለታችን እንሰማለን። ምን እንደሚል አላውቅም።

አሁን ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ለካፒቴኑና ለእማማ ካሊዮ አልኩት። «እነሱ እኮ ሁሉን ያውቃሉ፤ ምኑን ነው የምትጽፊላቸው?» አለ። ምን እንደምመልስለት ሳስብ ሻይ ላምጣልሽ ብሎ ሄደ፤ አልተከፋሁም፤ የት እንደሄደ አውቃለሁ።

ይኸው፣ ይዞ መጣ። ስኳር ረስቷል።

ልነግረው ነው።

ፎቲኒ